ለታችኛዋ የተላኩ ሽማግሌዎች

እኔና ባለቤቴ ለወንጌል አገልግሎት ወደ ፍራንክፈርት ስንላክ ቤተ ክርስቲያናችን ከጸሎትና ከምርቃት ጋር አንድ ቅጽ አስያዘችን። በየሦስት ወሩ ተሞልቶ በኢሜይል ይላካል። ስለ ጤናችን፣ ስለ ልጆቹ ትምህርት፣ ስለ ቋንቋ ጥናታችን ይጠይቃል። እነዚህን ባለቤቴ በአሥር ደቂቃ ይጨርሳቸዋል፤ ሰባተኛው ጥያቄ ላይ ሲደርስ ግን ግማሽ ቀን ይቀመጣል። «በዚህ ሩብ ዓመት ወንጌል የደረሳቸው ሰዎች ብዛት» ይላል።

እዚህ ያለው ሐበሻ አይቆጠርም፤ እሱማ ከነመዝሙሩ ነው የመጣው። እኛ የተላክነው ለጀርመኖቹ ነው። ባለቤቴ በመጀመሪያው ሩብ ዓመት «ዜሮ» ብሎ ጻፈ። በሁለተኛው ዜሮን መድገም ከበደውና «በጸሎት ላይ ነን» አለ። በሦስተኛው «በሩ እየተከፈተ ነው» ብሎ ሲጽፍ አየሁትና «የቱ በር?» ብዬ ጠየቅሁት። ትንሽ አስቦ «የአውቶቡሱ» አለኝ። ሳቅሁ፤ ግን ደስ አላለኝም፤ በቤታችን ቀልድ የእኔ ሥራ ነበር።

ባለቤቴ የሚበሳጭ ሰው አይደለም፤ ለሁለታችንም የምበሳጨው እኔ ነኝ። በማለዳ ወጥቶ መሀል ከተማ አንድ የልብስ መደብር ያጸዳል፤ ከዚያ በኋላ የታመመ ሲጠይቅ፣ መጽሐፍ ቅዱስ ሲያስተምር፣ የተጣላ ሲያስታርቅ ይውላል። እኔ አገር ቤት አስተማሪ ነበርኩ። ስድሳ ልጅ በአንድ ቃል ዝም አሰኛለሁ፣ በሁለተኛው አስቃለሁ። ሰርግ ላይ የእኔ ጠረጴዛ ነበር የሚሻሙበት። ራሴን ለማወደስ አይደለም፤ አስቂኝ ነበርኩ። በጀርመንኛ ግን ጨዋ ሆኜ ቀረሁ። ያሉኝ አራት ነገሮች ናቸው፤ እንደምን ዋሉ፣ አመሰግናለሁ፣ ይቅርታ፣ እባክዎ ቀስ ብለው ይናገሩ። በእነዚህ አራት አንድ ዓመት ሙሉ ኖርኩ።

የቤታችን የጀርመንኛ ሥልጣን በአሥር ዓመቷ ልጄ እጅ ነው። ደብዳቤ የምታነበው፣ ስልክ የምታነሳው፣ ሐኪም ቤት የምታስተረጉመው እሷ ናት፤ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትራችን ናት። በአማርኛ ስጠራት በጀርመንኛ ትመልሳለች። «እማዬ» ማለቱን ትታ እንደ ክፍል ጓደኞቿ «ማማ» ካለችኝ ቆይቷል። የአራት ዓመቱ ታናሽ ወንድሟ በሁለቱም ቋንቋ ብዙ አይናገርም፤ መዝለል ይመርጣል።

የምንኖረው ጊንሃይም የሚባል ሰፈር፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። በወጥ ቤቱ መስኮት ረጅሙ የስርጭት ግንብ ይታያል፤ ልጁ በየማታው «ደህና እደር» ሳይለው አይተኛም። ይህን ቤት ለማግኘት ስምንት ወር ፈጅቶብናል። በእነዚያ ስምንት ወራት አንድ ክፍል ውስጥ አራት ሆነን ስንኖር የላከችን ቤተ ክርስቲያን በትህትና የጻፈችልን ነገር አለ፤ ቤተሰቡ የሚቀመጥበት ካላገኘ አገልግሎቱ ይቁምና ተመለሱ የሚል። ስለዚህ የኪራይ ውሉን የፈረምን ዕለት ባለቤቴ ወረቀቱን መጽሐፍ ቅዱሱ ውስጥ አስቀመጠው። እኔም አልተቃወምኩም።

ቤቱ ውስጥ ቁልፍ ያለው በር አንድ ብቻ ነው፤ የመታጠቢያ ቤቱ። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ ልጅቷ ትምህርት ቤት፣ ልጁ መዋያው፣ ባለቤቴ ሥራው ሲሆኑ እዚያ እገባና ከገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ለእግዚአብሔር የሆዴን እነግረዋለሁ። (ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ነው የምናገረው፤ የእነሱን እነሱ ይናገሩት።) ሰው በሌለበት ቤት በሩን ለምን እንደምቆልፍ አትጠይቁኝ። ጸሎት ነው ብለን እንለፈው።

ባለፈው መከር ላይ፣ አንድ ቀን እንደዚሁ ተቀምጬ ሳለሁ ግድግዳው ላይ ያለው የውኃ ቧንቧ ጮኸ። ኳ፣ ኳ፣ ኳ። ከታች ነው። ዝም አልኩ። በማግስቱም በዚያው ሰዓት ኳ፣ ኳ፣ ኳ። ከእኛ በታች የምትኖረውን ሴትዮ በደረጃ ላይ ብቻ ነው የማውቃት፤ አጭር፣ ሽበቷን እንደ ወንድ የተቆረጠች፣ ደረጃው መስኮት ላይ ያለውን የአበባዋን ቅጠል አንድ በአንድ በጨርቅ የምትወለውል። «ሃሎ» ትለኛለች፣ «ሃሎ» እላታለሁ፣ በዚያው ያልቃል። እኛ ቤት ውስጥ «የታችኛዋ» ነው የምንላት። በዕድሜዋ «እሳቸው» ልላት ይገባኝ ነበር፤ ግን ተናድጄባት ነበርና እስከምታረቃት ድረስ «እሷ» እያልኩ ልቀጥል።

«ጸሎቴን እንኳ ፈቃድ ላውጣበት?» ብዬ ለባለቤቴ ጮህኩበት።

«ቀስ ብለሽ ጸልይ» አለኝ።

በሹክሹክታ ጸለይኩ። ቧንቧው አሁንም ኳ፣ ኳ፣ ኳ። ፎጣ አፌ ላይ አድርጌ ጸለይኩ። ኳ፣ ኳ፣ ኳ። ይህች ሴት ጆሮዋን ከየት ነው የገዛችው አልኩ።

ከዚያ የእሑዱ ጉዳይ መጣ። አዳራሹን የሚያውሰን የጀርመኖቹ ቤተ ክርስቲያን ማሞቂያው ሊጠገን ተዘጋ፤ ኅብረታችንም ወደ ሳሎናችን ዞረ። ሃያ የሚሆኑ ወጣቶች ናቸው፤ አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣ የሚጭኑ፣ አረጋውያን የሚንከባከቡ፣ ቢሮ የሚያጸዱ። ሳምንቱን ሙሉ አለቃ፣ ሕመምተኛና ባቡር ሲያዛቸው ከርመው እሑድ ሲሆን ድምፃቸውን ያገኛሉ። ሲያጨበጭቡ ብርጭቆዎቼ ከበሮ ይመታሉ። ልጄም እንግዳ መጣ ብሎ ከሶፋው ላይ በደስታ ይዘላል። በጀርመን እሑድ ማለት ጠርሙስ እንኳ ወደ ማጠራቀሚያው የማይጣልበት ቀን መሆኑን የውጭ ጉዳይ ሚኒስትራችን ብዙ ጊዜ አስጠንቅቃን ነበር። እኛ «ለጌታ ነው» አልናት።

ደብዳቤው በአራተኛው ሳምንት መጣ። ልጄ የትምህርት ቤት ቦርሳዋን ሳታወርድ ቆማ አነበበችው። ከቤቱ አስተዳደር ነው። ከበታች የሚኖሩ ነዋሪ በእሑድ ጫጫታ ላይ ቅሬታ አቅርበዋል፤ ነገሩ እስከ ወሩ መጨረሻ ድረስ ካልተስተካከለና ነዋሪዋ መስማማታቸውን በጽሑፍ ካላሳወቁ የኪራይ ውሉን ለማቋረጥ እንገደዳለን ይላል።

«ማለት?» አልኳት፣ ገብቶኝ ሳለ።

«ራውስ» አለችኝ። ውጡ ማለት ነው። እጇንም ወደ በሩ አሳየችኝ።

በሚቀጥለው እሑድ ሳንዘምር በካልሲ ተሰብስበን መከርን። አንዱ ወጣት ጠበቃ እንያዝ አለ። አንዷ ኬክ ይሰጣት አለች። ባለቤቴ እንጸልይ አለ፤ እኔም በየት፣ በቧንቧው? አልኩት። በመጨረሻ የኅብረታችን ታላቅ፣ እዚህ አገር አርባ ዓመት ገደማ የኖሩት ጡረተኛ ጋሼ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ሽማግሌ ይላክ» አሉ።

ክፍሉ በሙሉ «አሜን» አለ። እግዚአብሔር ይመስክር፣ እኔም ብያለሁ። ሃያ ሁለት ሰው ተቀምጦ፣ ግማሹ ጀርመንኛ እንደ ውኃ የሚጠጣ፣ «ይህች ሴት እኮ ሽማግሌ ምን እንደሆነ አታውቅም» ያለ አንድ ሰው አልነበረም። እንዲያውም ክርክሩ ማን ይሂድ በሚለው ላይ ሆነ። ከአንድ ወገን ብቻ ከሆነ ሽምግልናው ሚዛን አይኖረውም ተባለ። ስለዚህ ከእኛ ጋሼ ይሂዱ ተባለ፤ ከኦርቶዶክሶቹ አንድ አውቶቡስ ሾፌር ተጠሩ፤ ሽሮና በርበሬ የምንገዛባቸው ሙስሊሙ ባለሱቅም «ለጎረቤት ሰላም ከሆነማ» ብለው ሱቁን ለልጃቸው ትተው መጡ።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሦስቱ ጥቁር ሱፍ ለብሰው፣ በላዩ ነጭ ነጠላ አጣፍተው ከታችኛዋ በር ፊት ተሰለፉ። ልጄን በመካከላቸው አቆሟት። ጋሼን «እርስዎ ጀርመንኛ ይችሉ የለ?» ብላቸው «ሽምግልና በጀርመንኛ አይወጣልኝም» አሉኝ። እኔና ባለቤቴ የባለ ጉዳይ ወግ ነውና ከላይ ደረጃው ላይ ተደብቀን አዳመጥን።

በሩ በሰንሰለቱ ልክ ተከፈተ። የታችኛዋ ሦስቱን ሱፍና ሦስቱን ነጠላ ከላይ እስከ ታች አየች።

«ሰው ሞቷል?» አለች። ይህን ልጄ ወደ አማርኛ መለሰችው።

«ሞትስ ይራቅ» አሉ ጋሼ፤ ከዚያም ጀመሩ። ስለ ጎረቤት ክብር፣ ስለ ሰው ስሕተት፣ እኛም ከትልቅ ሰው ደጅ መቆማችንን አውቀን ነው ስለማለት፣ ለአምስት ደቂቃ ያህል የሚያምር አማርኛ ተናገሩ። ባለሱቁ በየመሀሉ «እውነት ነው» እያሉ ያጅባሉ። ሲጨርሱ ልጄ በጀርመንኛ አምስት ቃል አለች።

«ምን አልሻት?» አሉ ሾፌሩ።

«እሺ በያቸው አልኳት።»

«ለምኑ ነው እሺ የምለው?» አለች የታችኛዋ።

«መጀመሪያ እሺ ይበሉንና ከዚያ እንነግርዎታለን» አሉ ጋሼ። «እሺ ሳይሉን አንቀመጥም።»

ልጄ ይህንኑ አስተረጎመች። ሴትዮዋ ግን ተቀመጡም አላለቻቸውም ነበር።

«በር ላይ ቆሜ ምንም አልፈርምም» አለች። «ለመሆኑ ቴርሚን አላችሁ?» ቀጠሮ ማለቷ ነው።

«ሽማግሌ ቴርሚን የለውም» አሉ ጋሼ በኩራት፤ ልጄ ግን በአጭሩ «ናይን»፣ የለንም አለች። በሩ ተዘጋ። ባለቤቴ ከጎኔ በለሆሳስ መጸለይ ጀመረ፣ እኔ ሻንጣዎቻችን የት እንዳሉ ማሰብ ጀመርኩ። ከደቂቃ በኋላ በሩ እንደገና ተከፈተ፤ የታችኛዋ መነጽር አድርጋ፣ የኪስ ማስታወሻ ደብተር ይዛ ቆማለች። ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል አለች። እናትየውና ልጅቷ ይምጡ። ሦስቱ ጌቶች አያስፈልጉም።

ሽማግሌዎቹ ወደ እኛ ቤት የወጡት ድል አድርገው ነው። «በመጀመሪያ ቀን እሺ የሚል ቤተሰብ የት አለ?» አሉ ባለሱቁ። «የሙሽራ ቤትም መጀመሪያ ሄዳችሁ ተመለሱ ነው የሚለው። ቀጠሮ ሰጠች ማለት ነገሩ አልቋል።» ጋሼም ራሳቸውን ነቀነቁ። ምሳ ስናቀርብ ግን ጋሼ ለመቀመጥ አቅማሙ፤ እሺታው ገና ነው፣ ቃል ቃል ነው አሉ። ሾፌሩ ወንበር ስበው «ጋሼ፣ እዚህ እኮ የእኛው ቤት ነው» ሲሏቸው ነው የተቀመጡት።

ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ እኔና ልጄ ድፎ ዳቦ ይዘን ደረጃው ላይ ተቀመጥን። መዘግየት እንዳይሆን ቀድመን ወጣን፤ መቅደምም ነውር ነው ብላ ሚኒስትሯ ስላስጠነቀቀችኝ ደግሞ ጠበቅን። «እኔ ያልኩትን ብቻ ነው የምትተረጉሚው» አልኳት። «ምንም አትጨምሪ።»

«ያ፣ ማማ» አለችኝ፤ እሺ ማለቷ ነው።

ዘጠኝ ተኩል ሲሆን ደወልን። ቤቷ የእኛው ቤት ነው፣ ግን ሰው የሌለበት፤ ሶፋው በእኛ ሶፋ ቦታ፣ ጠረጴዛው በእኛ ጠረጴዛ ቦታ። የፖም ኬክ ቆርሳ ሳህኑን ወደ እኔ ገፋች። እንደ ወጋችን «አመሰግናለሁ፣ ይቅርብኝ» አልኩ። ሁለተኛ ትለምነኛለች ብዬ ስጠብቅ ሳህኑን መልሳ ወሰደችው። ልጄ አንድ ጊዜ «ያ» ብላ የራሷን በላች፣ ከዚያም የእኔን።

የታችኛዋ መነጽሯን አድርጋ አንድ ወረቀት ዘረጋች። በቁጥር የተጻፈ ነው። እሑድ መዘመር ይቻላል፣ ግን ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ይቁም፤ ከዚያ በኋላ ትተኛለች። ቤት ውስጥ በጫማ አይኬድም። ልጁ ከአንድ ከፍ ያለ ነገር ላይ ይዘላል፤ ከምን ላይ እንደሆነ አታውቅም፣ ግን ከሥሩ ወፍራም ምንጣፍ ይነጠፍ። ደረጃው ላይ የተደረደሩት ሃያ ጥንድ ጫማዎች አንድ ቀን ሰው ይጥላሉ። ለሁሉም «ያ» አልኩ። አንድ እሺ ልቀበል ሄጄ ብዙ እሺ ሰጥቼ ልመጣ ነው ብዬ በሆዴ ተበሳጨሁ።

ከዚያ ወረቀቱን አጠፈች። መነጽሯን አወለቀች። ልጄን ትታ እኔን እያየች ቀስ ብላ አንድ ነገር ጠየቀች።

ልጄ አላስተረጎመችም።

«ምን አለች?» አልኩ። ልጄ ሹካዋን ሳህኑ ላይ ታዞራለች። ሐኪሙ ጋ፣ ፖስታ ቤት፣ መምህሯ ፊት አንድ ቀን ቃል አጥታ የማታውቅ ልጅ ናት። «ምን አለች? ውጡ ነው?»

«አይደለም።» ከዚያ ደግሞ ስንት ወር ያልሰማሁትን መጠሪያዬን ጠራች። «እማዬ፣ በየቀኑ ጠዋት መታጠቢያ ቤት ውስጥ ለምንድነው የምታለቅሺው ነው የምትለው።»

ፊቴ ጋለ። «ጸሎት ነው በያት» አልኩ።

አለቻት። ሴትዮዋ ራሷን ነቀነቀች። ጸሎት አውቃለሁ፣ እናቴ ስትጸልይ ነው ያደግሁት አለች። ይሄ ለቅሶ ነው። ወደ መታጠቢያ ቤቷ ወስዳ ከጣሪያው ሥር ያለችውን የአየር መተንፈሻ ቀዳዳ አሳየችን፤ የእኛም እዚያው ቦታ ላይ አለች። እዚህ ቤት ከገባን ጀምሮ ለላይኛው የነገርኩትን የታችኛዋ ስትሰማው ኖራለች። ቃሉ አልገባትም፤ ለቅሶው ግን በአማርኛ አልነበረም።

«አንኳኳሁልሽ እኮ» አለች። «አንድም ቀን አልመለስሽልኝም።»

«ዝም በይ ያሉኝ መስሎኝ ነው።»

ይህን ስትሰማ ተቆጣች። ጸጥታ ስፈልግ ለአስተዳደሩ እጽፋለሁ፣ ጽፌያለሁም አለች፤ ሰውን ዝም ለማሰኘት ቧንቧ አልደበድብም። ባለቤቷ ታመው አልጋ በያዙ ጊዜ እሳቸው ከመኝታ ቤት፣ እሷ ከወጥ ቤት ሆነው ሦስት ጊዜ ግድግዳ ይመቱ ነበር። ትርጉሙ «እዚህ ነኝ» ነው። ሌላ ምንም ትርጉም የለውም።

ከዚህ በኋላ «እሷ» ማለት አፌ እምቢ አለኝ።

ወደ ጠረጴዛው ተመለስን። መልሴን ይጠብቃሉ። ይህን ነገር ለባለቤቴ አልነገርኩትም። ለእናቴ በስልክ «ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ብዬ እዘጋለሁ። ቅጹ ላይ «የቤተሰቡ ሁኔታ» የሚል ጥያቄ አለ፤ «በጣም ጥሩ» ብለን ነው የምንልከው። ሌላውን ልታጽናና የተላከች ሴት ገንዳ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች ተብሎ አይጻፍማ። አሁን ደግሞ በአሥር ዓመት ልጄ አፍ ልናገረው ነው።

«በያቸው» አልኳት፣ «አገሬ ሳለሁ ሰው አስቅ ነበር። እዚህ ከመጣሁ አንድ ሰው አስቄ አላውቅም። ሲያናግሩኝ እንደ ሕፃን ፈገግ እላለሁ። እናቴ አርጅታለች፤ በደወለች ቁጥር እዋሻታለሁ። እና ደክሞኛል። ይህን ብቻ በያቸው።»

ልጄ መተርጎም ጀመረች። እኔ ከተናገርኩት ይልቅ ረዘመ። ጣልቃ ልገባ ስል አንዳንድ የማውቃቸው ቃላት መጡ፤ አያቷን የምትጠራበት «ኦማ»፣ ትምህርት ቤት፣ እረፍት ሰዓት፣ ብቻዬን። የምትናገረው የእኔን አልነበረም። የእኔን ጨርሳ የራሷን ጀምራለች። ምንም አትጨምሪ ያልኳት እኔ ነኝ፤ አላቋረጥኳትም። እጇን ከጠረጴዛው ሥር ያዝኳት። የቤቱ ሁሉ ነገር በትከሻዋ ላይ ሆኖ ማን «አንቺስ?» ብሏት ያውቃል። በራሴ አፈርኩ።

ሴትዮዋ ተነስተው ትልቅ የኬክ ቁራጭ ቆረሱና ፊቴ አስቀመጡት። «አይ፣ አመሰግናለሁ» አልኩ። አልሰሙኝም። ሹካውን እጄ ላይ አደረጉት። አገር ቤት ያለች አክስቴ ከዚህ የበለጠ አትለምንም። በላሁ፤ እንባዬ በሉት ንፍጤ ከኬኩ ጋር አብሮ ወረደ።

ስጨርስ የመጣሁበት ጉዳይ ትዝ አለኝ። ለልጄ ሳልነግራት፣ የራሴን ጀርመንኛ ከየጥጉ ለቃቅሜ ጀመርኩ። «ሦስቱ ሰውዬ» አልኩ፣ «ቅዳሜ። እሺ የለም። መቀመጥ የለም።» ከዚያ ተነስቼ እንደ ጋሼ ነጠላዬን አስተካክዬ ቀጥ ብዬ ቆምኩ። «እስካሁን ቆመዋል።»

ሴትዮዋ አንድ ጊዜ አዩኝ። መጀመሪያ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ፈነዱ፤ ዓይናቸውን እስኪጠርጉ፣ ጠረጴዛውን እስኪይዙ ሳቁ። «ከቅዳሜ ጀምሮ?» ይላሉ። «ከቅዳሜ ጀምሮ» እላለሁ። «ሦስቱም?» «ሦስቱም። አንዱ ሾፌር ነው፤ አውቶቡሱም ቆሟል።» ልጄ ሰምታኝ በማታውቀው ቋንቋ ሰው ሳስቅ እያየች አፏን ከፍታ ቀረች። እኔም ስስቅ የራሴን ድምፅ አወቅሁት። እሱ ነው፤ የሰርግ ቤት ድምፄ ነው።

ሲረጋጉ «ያ» አሉ። «ይቀመጡ በያቸው።»

መስማማታቸውን በዚያው ቀን ጽፈው ፈረሙበትና ግልባጩን ሰጡኝ። ከማስታወሻ ደብተራቸው ላይም ለእኔ ሌላ ነገር ጻፉልኝ፤ በየማክሰኞው ከጠዋቱ አራት ሰዓት፣ እዚሁ ታች፣ ኬክ እሳቸው ያቀርባሉ፣ ዳቦ እኔ። ቴርሚን አለኝ ማለት ነው። ለጋሼ ደውዬ «ይቀመጡ ተብለዋል» ስላቸው «አላልኳችሁም?» ብለው ስልኩን ለሚስታቸው ሰጡ፤ እሷም በደስታ ወንበር ፍለጋ ሄዱ ብላ ሳቀች።

የሩብ ዓመቱ ቅጽ የሚላከው በዚያው ምሽት ነበር። ራት በልተን ባለቤቴ ኮምፒውተሩን ጠረጴዛው ላይ ከፈተ። ልጁ አመሻሽ ላይ ገዝተን ባነጠፍነው ወፍራም ምንጣፍ ላይ የመዝለል ሙከራ ያደርጋል። እስከ ስድስተኛው ጥያቄ ባለቤቴ ሳይቆም ጻፈ፤ ሰባተኛው ላይ እንደ ልማዱ ጉንጩን ይዞ ተቀመጠ።

«ወንጌል የደረሳቸው ሰዎች ብዛት» አለ ለራሱ።

«አንድ በል» አልኩት።

ቀና አለ። ዓይኑ በራ። ለአንድ ዓመት የጠበቃት ቁጥር ናት። «የታችኛዋ? ጸለየች እንዴ? ምን አለች?»

መልስ ከመስጠቴ በፊት ልጄ ከጠረጴዛው ማዶ፣ ከታች ይዘን የመጣነውን የፖም ኬክ ሳትውጥ፣ በሹካዋ ወደ እኔ አመለከተች።

«ማማ» አለች።

ባለቤቴ እሷንም እኔንም አየን። ከዚያ ኮምፒውተሩን ዘጋውና ወንበሩን ወደ እኔ አዞረ። ከመታጠቢያ ቤቱ ቁልፍ ጀምሬ ነገርኩት።